ከዳሱ አጠገብ የሚነደው እሳት
(በእድራችን ስብሰባ ላይ ለአባላት ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ እሳት ነው። «እሳት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ትሉኝ ይሆናል። የቤት ምድጃ ሌላ ነው፤ ለሐዘን ወይም ለሠርግ ዳስ ጥለን፣ ሸራ ወጥረን፣ ገለባ ጎዝጉዘን ከአጠገቡ የምናነደው እሳት ሌላ ነው። አምቦ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሰው እሳቱን ወደ ዳሱ ያስጠጋል። አደጋውም ያኔ ይመጣል።

አንደኛ፣ ቦታው። እሳቱ ከዳሱ ቢያንስ 5 ሜትር፣ ማለትም ሰባት እርምጃ ያህል ይራቅ። ነፋሱ ጭሱንና ፍንጣሪውን ወደ ዳሱ በማያመጣበት በኩል ይሁን። ከባሕር ዛፍ ሥር አይሁን፤ ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቶሎ ይቀጣጠላል፣ እሳትም በሥሩ ውስጥ ለውስጥ ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጉድጓዱ። ጥልቀቱ 30 ሳንቲሜትር፣ ይኸውም ስንዝር ተኩል ያህል ይሁን። በዙሪያው ሁለት ሜትር ያህል ሣሩና ገለባው ይጠረግ። የወጣው አፈር አይጣል፤ ማጥፊያ ይሆናል። ጉልቻውን ከሁሉቃ ወንዝ እርጥቡን ድንጋይ አምጥታችሁ አታድርጉት፤ በውስጡ ያለው ውኃ ሲግል ድንጋዩን ያፈነዳዋል። ደረቅ ድንጋይ ከሜዳ ይለቀም።

ሦስተኛ፣ ማጥፋቱ። አመድ የለበሰ ፍም የሞተ አይደለም። ውኃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አፍስሱበት። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ ጠጋ አድርጋችሁ ሙቀቱን እዩ። ሙቀት ካለ አልጠፋም። ያመለጠ እሳት ምን እንደሚያደርግ በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አይተናል፤ ለማጥፋት ከእስራኤል ባለሞያዎች እስከ መምጣት ተደርሷል።

አራተኛውና ዋናው ይኼ ነው፦ ሌሊት ከሰል ወደ ዳሱ ወይም ወደ ድንኳኑ አይግባ! የከሰል መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። «ጭሱ ወጥቶለታል» ማለት አያድንም፤ ፍሙ ቀልቶም መርዙ አለ። ራሱን ያመመው፣ ያጥወለወለው ሰው ካለ ሁሉም ቶሎ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ታማሚውም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውኃ በአፉ አይሰጥም፤ ያንቀዋል። ለብርዱ ብርድ ልብስና ጋቢ ይጨመር።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ለመቃብር ቁፋሮ፣ ለድንኳን ተከላ ተረኛ እንደምንመድብ ሁሉ፣ ለእሳትም ተረኛ እንመድብ። አካፋና ሁለት ባልዲ ውኃ ይዞ የሚያመሽ፣ እሳቱን ሳያጠፋ የማይተኛ። ለማጽናናት የመጣ ሰው ሌላ ሐዘን እንዳይገጥመው፣ አበው እንዳሉት፣ ሳይቃጠል በቅጠል!