ካርድና ዘይት

እናቶች፣ አባቶች፣ የመራጮች ምዝገባው መቼ እንደሚያበቃ፣ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ ከወረዳ የመጣው ወረቀት ላይ አለ፤ እሱን አላነብላችሁም። እኔን ያስመጣኝ ሰሞኑን ሸማቾች ሱቅ ሰልፍ ላይ የተናፈሰው ወሬ ነው። «የምርጫ ካርድ ያላወጣ ዘይት አያገኝም» ተባለ፤ በማግስቱ የምዝገባ ጣቢያው ተጨናነቀ። አንዲት እናት ካርዳቸውን ከቀበሌ መታወቂያቸው ጋር በመሐረብ ቋጥረው ጉያቸው ሲሸጉጡ አየሁና ለምን እንዳወጡት ጠየቅኳቸው። «ለማንኛውም ይኑረኝ ብዬ» አሉኝ።

ጋሼ፣ ፈገግ አሉ። «ታዲያ ምን ክፋት አለው፣ ዋናው መውጣቱ» ማለትዎ ነው መሰል። እሺ፣ ወረቀቴን ላስቀምጥና እንጫወት። በዚህ እድር ከስብሰባ የቀረ ይቀጣል አይደል? ታዲያ ዛሬ የመጣችሁት ሁሉ ሊቀመንበሩን ስለምታምኑ ነው? ሊቀመንበር፣ አይቀየሙኝ።

ምርጫም እንደዚሁ ነው። በ2007ቱ ምርጫ ከተመዘገበው ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጠ ተባለ። 547ቱን ወንበር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ጠቅልለው ወሰዱ። በቁጥሩ ከሄድን ከዚያ የበለጠ የታመነ መንግሥት የለም። ዓመት ሳይሞላ ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ፈነዳ፣ አማራ ክልል ተከተለ፣ መስከረም 2009 ሊያልቅ ሲል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ተጠርንፎ የወጣ ሰው ሰልፍ ይሞላል እንጂ ልቡን አይሰጥም።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ግን ጎህ ሳይቀድ ያሰለፈን ማን ነበር? ማንም። ድምፃችን ይሠራል ብለን ነው። ከዚያ በውጤቱ ሰበብ በተነሣው ተቃውሞ በሰኔ፣ ደግሞም በጥቅምት ልጆች ቀበርን። ያ እምነት ዛሬም አላገገመም ብል የሚከራከረኝ አለ?

ስለዚህ «አላምናቸውምና አልወጣም» የሚለውን አልቆጣውም። የሚያስቆጣኝ ሳያምን፣ ሳያስብ፣ ቀበሌ እንዳይቀየመው ብቻ ምልክት አድርጎ የሚመለሰው ነው። የማታምኑ፣ አለማመናችሁን ይዛችሁ ኑ። ድምፁ የሚቆጠረው እዚያው ጣቢያው ውስጥ፣ የፓርቲ ወኪሎች ባሉበት ነው፤ ውጤቱም እዚያው ይለጠፋል። ቆም ብሎ የሚያነበው ግን ስንቱ ነው? የለቅሶ ማስታወቂያ እንኳ ቀርበን እናነባለን!

ዘይቱን በተመለከተ፦ ካርድና ዘይት አይገናኙም። «ካርድ አሳዩ» የሚላችሁ ሻጭ ካለ ማን እንደሆነ ያዙና ለምርጫ ቦርድ አመልክቱ።

እትዬ፣ እጅዎ ወጥቷል፤ ይጠይቁ።