ከመቀሱ በፊት ወረቀቱ

አቅራቢ 1፦ መርካቶ ሸማ ተራ ገብታ ጨርቅ የምትመርጥ የፋሽን ተማሪ፣ ከሁሉ አስቀድማ ምን ትማር ትላለህ?

አቅራቢ 2፦ ፓተርን ማውጣት ነዋ፣ እህቴ! የልብሱን ክፍሎች ቅርጽ በልክ ወረቀት ላይ ማስመር ማለት ነው። ንድፉ ቢያምርም የደረት፣ የወገብና የዳሌ ልክ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ልብስ አይሆንም። በልኩ ላይ መንቀሳቀሻና የስፌት ትርፍ ይጨመራል።

አቅራቢ 1፦ ብዙ ልብስ ሰፊዎች ግን በቀጥታ ጨርቁ ላይ ያሰምራሉ።

አቅራቢ 2፦ ትልቅ ሙያ ነው፤ ግን እጃቸው ላይ ይቀራል። ወረቀቱ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ሌላ ሰፊም ያነበዋል።

አቅራቢ 1፦ በሀገር ልብስ ላይማ ጥለቱ ከጠርዙ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው፤ መቀስ ከሳተው አይመለስም።

አቅራቢ 2፦ ስለዚህ ተማሪዎች፣ መጀመሪያ በአቡጀዴ ሰፍታችሁ ሞክሩት፤ አርሙት። የራሳችሁን ፓተርን ማውጣት ሳትችሉ የራሳችሁ ዲዛይን አይኖራችሁም።