ከመንገድ የተመለሰው ደቀ መዝሙር
ስለ ወጣቶች አገልግሎትና ስለ ስብከት ጉዞ በሬዲዮ የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

 

የዛሬው ንግግራችን በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት ስለሚያገለግሉ ወጣቶች ነው፤ ይልቁንም በበዓላትና በዕረፍት ወራት ለጥቂት ቀናት ከከተማ ወደ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት ወጥተው ቃለ እግዚአብሔርን ስለሚያሰሙት፣ ለሕፃናት መዝሙር ስለሚያስተምሩት፣ ለተቸገረው ቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ጧፍ፣ ዘቢብና አልባሳት ስለሚያደርሱት ልጆቻችን ነው።

ስለ እነዚህ ወጣቶች ሲነገር፥ «ለሦስት ቀን ሄዶ መመለስ ምን ይጠቅማል? ይህ ከሽርሽር በምን ይለያል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱን ግን ከራሳችን ሳይሆን ከቅዱስ ወንጌል እንፈልግ።

ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 10 እንደሚነግረን፥ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ 72ቱን አርድእት ሁለት ሁለት አድርጎ እርሱ ሊሄድባቸው ወዳሰባቸው ከተሞችና መንደሮች በፊቱ ላካቸው። ኮረጆና ከረጢት፣ ጫማም እንዳይዙ አዘዛቸው። በገቡበት ቤት እንዲቀመጡ፣ የቀረበላቸውን እንዲበሉ፣ ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘዋወሩ አስጠነቀቃቸው። እነርሱም ሄዱ፤ አገለገሉ፤ ደስ እያላቸውም ተመለሱ። ጌታም አጋንንት ስለ ተገዙላቸው ሳይሆን ስማቸው በሰማይ ስለ ተጻፈ ደስ እንዲላቸው አስተማራቸው።

እንግዲህ ሄዶ መመለስ በራሱ ነቀፋ የለበትም። አርድእት ለዘለዓለም እንዲቀሩ አልተላኩም፤ ሄደው፣ መንገድ ጠርገው ወደ ላካቸው ጌታ እንዲመለሱ ተላኩ እንጂ። የጉዞው ማጠር ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ሰው ሳይላክ ሲሄድ፣ ሳይዘጋጅ ሲሰብክ፣ ከተመለሰም በኋላ የጀመረውን ሲረሳ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙ ጊዜ የማንናገረው አንድ ጥፋት አለ፤ ዛሬ በተለይ ስለ እርሱ ልናገር እወዳለሁ። ይኸውም በመንገድ ላይ ጉልበቱ የከዳውን ወጣት ዳግመኛ አለመቀበል ነው።

ከ72ቱ አርድእት አንዱ፣ ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታስተምረው፣ ቅዱስ ማርቆስ ነው። ዛሬ ማርቆስ ስንል በገጸ አንበሳ የሚመሰለውን ወንጌላዊ፣ የእስክንድርያን መንበር የመሠረተውን ሐዋርያ እናስባለን። ዳሩ ግን ይህ ታላቅ አባት በወጣትነቱ የስብከት ጉዞ ጀምሮ ከመንገድ የተመለሰ እንደ ሆነ የምናስተውል ጥቂቶች ነን።

ነገሩም በሐዋርያት ሥራ ተጽፎ እናገኘዋለን። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ እናቱ ማርያም ትባል ነበር፤ ቤትዋም በኢየሩሳሌም የምእመናን መሰብሰቢያ ነበረ። ቅዱስ ጴጥሮስ በመልአክ እጅ ከወኅኒ በወጣ ጊዜ ቀጥታ የሄደው ወደዚያ ቤት ነው። እንግዲህ ማርቆስ በጸሎት ቤት ያደገ ልጅ ነበረ ማለት ነው። በርናባስና ሳውል ከኢየሩሳሌም ሲመለሱ ይዘውት ወደ አንጾኪያ ሄዱ። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያንም ጾማና ጸልያ፣ እጅ ጭና ሁለቱን ሐዋርያት በላከቻቸው ጊዜ ማርቆስ ረዳት ሆኖ ተከተላቸው።

በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ተሻገሩ፤ ከስልማና እስከ ጳፉ ድረስ ደሴቲቱን አቋርጠው ሰበኩ፤ አገረ ገዢውም አመነ። መጀመሪያው መልካም ነበር። ከዚያም በጵንፍልያ ወዳለችው ወደ ጴርጌን ደረሱ። ከፊታቸው ተራራማው አገር ይጠብቃቸው ነበረ። በዚያ ስፍራ ማርቆስ ከእነርሱ ተለየና ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ እናቱ አገር ተመለሰ።

ለምን ተመለሰ? ቅዱስ ሉቃስ ምክንያቱን አልጻፈም፤ ያልተጻፈውንም እኛ አንጽፍም። የተጻፈው ግን ይበቃናል። ከጥቂት ዘመን በኋላ ሐዋርያት ለሁለተኛው ጉዞ ሲነሡ፣ በርናባስ ማርቆስን ደግሞ ሊወስደው ፈለገ፤ ጳውሎስ ግን ከሥራው ተለይቶ የሄደውን ሰው መውሰድ አልወደደም። ክርክሩም በርትቶ ሁለቱ ታላላቅ ሐዋርያት እስከ መለያየት ደረሱ። ጳውሎስ ሲላስን ይዞ በሶርያና በኪልቅያ በኩል ሄደ፤ በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ተመለሰ።

ምእመናን ሆይ! ጳውሎስ ያለ ምክንያት እንዲህ ያለ አይምሰለን። ጥማዱን በትልሙ መካከል ጥሎ የሚሄድ ገበሬ ለራሱም ለወንፈል ጓደኞቹም ዕዳ እንደ ሆነ ባላገር ሁሉ ያውቀዋል። የወንጌል ሥራ ጽናት ይፈልጋል። ነገር ግን በርናባስን ደግሞ እንመልከት። ስሙ የመጽናናት ልጅ ማለት ነው። ማርቆስ የወንድሙ ልጅ ነው፤ ስለ ሥጋ ዝምድና አደላለት የሚል ሰው ቢኖር ግን፣ በርናባስ ከዚያ በፊት ያደረገውን ያስታውስ። ሳውል ከአሳዳጅነቱ ተመልሶ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርት ሁሉ ሲፈሩት፣ እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ያቀረበው ይኸው በርናባስ ነበረ። ሌላው የሸሸውን ሰው መቀበል ልማዱ ነበረ።

በዚህ ስፍራ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን እየመራሁ ወደ ሩቅ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። መኪና ከሚቆምበት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነበረ። ከመካከላችን ድምፁ ያማረ፣ ከበሮ አሳምሮ የሚመታ፣ ዕድሜው ከአሥራ ሰባት ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነበረ። በመጀመሪያው ሌሊት ቁንጫ አላስተኛውም፤ በማግሥቱ ሆዱን ታመመ፤ በሦስተኛው ቀን ዓይኑ እንባ አቅርሮ «መምህር፥ አልቻልሁም፤ ወደ ቤቴ ልመለስ» አለኝ። ወደ ገበያ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ሰደድሁት። ከሄደ በኋላም በጓደኞቹ ፊት፥ «ከእንግዲህ እንዲህ ያለው ከእኛ ጋር አይወጣም» ብዬ ተናገርሁ።

ቃሌን ልጆቹ አነሡት። ከተማ በገባን ጊዜ «ተመላሹ» የሚል ቅጽል አወጡለት። ልጁ ሁለት እሑድ መጣ፤ በሦስተኛው ቀረ። እኔም የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም። ከብዙ ወራት በኋላ እናቱ ከቅዳሴ ስንወጣ በደጀ ሰላሙ አገኙኝና፥ «አባቴ፥ ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ? ከቤተ ክርስቲያን ሰው ሲመጣ በጓሮ በር ይወጣል» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ጳውሎስ የተናገረውን የመሰለ ቃል ተናግሬ ነበር፤ ጳውሎስ ኋላ ያደረገውን ግን አላደረግሁም።

ጳውሎስ ኋላ ምን አደረገ? ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ማርቆስ ወደ እነርሱ ቢመጣ እንዲቀበሉት አዘዛቸው። በመጨረሻም ታስሮ ሳለ፣ ዕረፍቱ በቀረበበት ጊዜ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት፣ ማርቆስ ለአገልግሎት የሚጠቅመው ሰው ስለ ሆነ ይዞት እንዲመጣ ለመነው። አልወስደውም ያለውን ሰው በመጨረሻው ሰዓት ፈለገው። ቅዱስ ጴጥሮስም በመልእክቱ ልጄ ብሎ ይጠራዋል። በጴርጌን የተሰበረው በርናባስ ስለ ታገሠው ተጠገነ።

የዚህ ትዕግሥት ፍሬ እስከ ምን ድረስ እንደ ደረሰ ታውቃላችሁን? ማርቆስ ወደ እስክንድርያ ወረደ። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚናገረው፣ በመንገድ ብዛት ጫማው ተበጥሶ አንያኖስ ወደሚባል ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደ። አንያኖስ ሲሰፋ ወስፌው እጁን ወጋውና የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ ጮኸ። ማርቆስ ቁስሉን ፈወሰለት፤ የጠራውን አምላክ ማን እንደ ሆነም አስተማረው። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ጫማ ሰፊ ቤት ተጀመረች፤ ያ ጫማ ሰፊም ከማርቆስ በኋላ በመንበሩ ተቀመጠ። ከጴርጌን የተመለሰው ወጣት ከእስክንድርያ ግን አልተመለሰም፤ በከተማይቱ ጎዳና በገመድ ተጎትቶ በሰማዕትነት ዐረፈ። መታሰቢያውንም ሚያዝያ 30 ቀን እናከብራለን።

በዚያ መንበር በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ አትናቴዎስ ተቀመጠ። ገና በልጅነቱ ወደ አገራችን መጥቶ በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገው ፍሬምናጦስም ወደ እርሱ ሄዶ ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲልክ ለመነው። አትናቴዎስም እርሱን ራሱን ሾሞ ላከልን፤ እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንለዋለን። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ እስከ ተሾሙበት እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ቤተ ክርስቲያናችን ከመንበረ ማርቆስ ጋር የነበራት የአባትና የልጅነት ማሰሪያ ይህ ነበር። እግዚአብሔር ሥራውን በሌላ እጅ መፈጸም ይቻለው ነበር፤ ነገር ግን ከመንገድ በተመለሰው ወጣት እጅ ሊፈጽመው ወደደ። እንግዲህ ከመንገድ የተመለሰውን የምንንቅ እኛ፣ ክህነታችን በማን በኩል እንደ ደረሰን እናስታውስ።

ስለዚህ ሦስት ቃል ልናገር፤ አንዱን ለሚሄዱት፣ አንዱን ለሚልኩት፣ አንዱን ለተመለሱት።

ወደ አገልግሎት የምትሄዱ ልጆቻችን ሆይ! አስቀድማችሁ በአጥቢያችሁ የታመናችሁ ሁኑ። የደብራችሁን መጥረጊያ ያላነሣ እጅ የሩቁን ደብር አያለማም። የንስሓ አባታችሁን ቡራኬ ሳትቀበሉ አትውጡ። በደረሳችሁበትም እንደ ረዳት ሁኑ እንጂ እንደ አለቃ አትሁኑ። ያ የገጠር ካህን ቀን እያረሰ፣ ሌሊት ማኅሌት እየቆመ ቤተ ክርስቲያኑን ጠብቆ ያቆያችሁ ሰው ነው። በደጁ የምታዩት የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚማር ነው፤ እናንተ ሦስት ቀን የቀመሳችሁትን እርሱ ብዙ ዓመት ኖሮበታል። ስለዚህ ከማስተማራችሁ በፊት ጠይቁ፤ የቀረበላችሁን በደስታ ብሉ፤ ሥዕል ለመነሣት ብቻ አትቸኩሉ። የማትፈጽሙትን ተስፋ አትስጡ፤ እንመለሳለን ብላችሁ ብትቀሩ ልብሱንና ጧፉን ከሰጣችሁት ይልቅ የነሣችሁት ይበልጣልና። በየዓመቱ አዲስ ደብር ከመፈለግ ወደ አንዱ ደብር ደጋግሞ መሄድ ይሻላል። ማርቆስ ከበርናባስ ጋር የተመለሰው ቀድሞ ወዳያት ቆጵሮስ ነበረና።

የምትልኩ አባቶች፣ መምህራንና ወላጆች ሆይ! አንጾኪያ የላከችው ጾማና ጸልያ ነው፤ እኛ ግን አንዳንድ ጊዜ የመኪናውን ኪራይ ከከፈልን የላክን ይመስለናል። ልጆቹን አስተምሩአቸው፤ የመንገዱን ድካም ሳትሸሽጉ ንገሩአቸው። ጌታ ሁለት ሁለት አድርጎ እንደ ላከ፣ እናንተም የጸናውን ከሚደክመው ጋር አጣምሩ። ከተመለሱም በኋላ ተቀምጣችሁ ስሙአቸው። የደከመውን በጓደኞቹ ፊት አትውቀሱት፤ ለብቻው ምከሩት፤ ቀላል ሥራ ሰጥታችሁ ደግማችሁ ያዙት። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝገብ የመጡትን ብቻ ሳይሆን የቀሩትንም ይቍጠር፤ እረኛ የጐደለችውን የሚያውቅ ቈጥሮ ነውና።

ከመንገድ የተመለስህ ወንድሜ፣ የተመለስሽ እኅቴ ሆይ! ምናልባት ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በተናገረው ቃል ተሰብረህ ከደጀ ሰላም ርቀህ ይሆናል። ምናልባትም ይህን ድምፅ የምትሰማው በሌላ ሰው ቤት፣ ወይም በመኪና ውስጥ ሆነህ ይሆናል። የተናገረህ ሰው ተሳስቶ እንደ ነበረ እነግርሃለሁ፤ ከተሳሳቱት አንዱ እኔ ነኝና። ይቅር በለኝ። ድካምህ የታሪክህ መጨረሻ አይደለም። ማርቆስ በጴርጌን ቢቀር ኖሮ ስሙን የምናውቀው በመመለሱ ብቻ ነበረ፤ ነገር ግን ደግሞ ተነሣ። አንተም ተነሥ። የመጣህ ቀን ለምን ቀረህ የሚልህ ሳይሆን እንኳን መጣህ የሚልህ ሰው ታገኛለህ፤ ያን የሚልህ ባታገኝ እንኳ የቤቱ ጌታ ራሱ ይቀበልሃል።

ያን ልጅ ለመፈለግ እኔም ዘግይቼ ሄጃለሁ። ቤተ ሰቡ ከዚያ ሰፈር ለቀው ነበር፤ አላገኘሁትም። ስለዚህ ይህን ቃል በአየር ላይ ስናገር ከሁሉ አስቀድሜ ለእርሱ እናገራለሁ። ከበሮው በቦታው ነው።

ቅዱስ ማርቆስን ከድካሙ አንሥቶ ለወንጌል ያበቃ እግዚአብሔር አምላካችን፣ ለሚሄዱት ጽናትን፣ ለሚልኩት ማስተዋልን፣ ለተመለሱት ዳግመኛ መነሣትን ይስጥልን። ለእኛም ለሁላችን የበርናባስን ልብ ያድለን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሐዋርያት ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።