«ከፈለች» ወይስ «ትከፍል ነበር»?
(በመቻራ ለማኅበራችን አባላት የቀረበ ንግግር)



ሒሳብ ሠራተኞች ቁጥር ብቻ እናያለን ይባላል። እኛ ግን ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን ግስም እናያለን፤ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እሱ ነው።

«ብድሯን ከፈለች» እና «ብድሯን ትከፍል ነበር» ሁለቱም ያለፈ ጊዜን ይናገራሉ። የመጀመሪያው ነገሩ ማለቁን ይነግረናል። ሁለተኛው ክፍያው ይደጋገም እንደነበር እንጂ ማለቁን አይነግረንም። አንዲት አባል ታማ ብትቀር ወይም ኑሮዋን ወደ ጭሮ ብታዛውር፣ መዝገቡም «ትከፍል ነበር» ብቻ ቢል፣ ዕዳ አለባት ወይስ የለባትም? «ቡናዋ ቢሸጥ ኖሮ ትከፍል ነበር» ከተባለ ደግሞ ጭራሽ አልከፈለችም ማለት ነው።

ይህ ልዩነት የእኛ ብቻ አይደለም። በስፓኒሽ «ፓጎ» ያለቀውን ክፍያ፣ «ፓጋባ» ይደጋገም የነበረውን ይናገራል። ነገር ግን ስፓኒሽ ብዙውን ጊዜ ግሱን ከገንዘቡ ያስቀድማል። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ያደርጋሉ። ስለዚህ ቃለ ጉባዔ ሲነበብ የመጨረሻዋን ቃል ሳንሰማ እጃችንን አናውጣ።

ማን እንደከፈለም መታወቅ አለበት። በአፋን ኦሮሞ «ከፈልቴ» ማለት «ከፈለች» ሊሆን ይችላል፤ «ከፈልሽ» ወይም «ከፈልክ»ም ሊሆን ይችላል። በአማርኛ «ገንዘቡ ተከፈለ» ሲባል ደግሞ ከፋይዋ ከዓረፍተ ነገሩ ትጠፋለች። በየትኛውም ቋንቋ ብንጽፍ መፍትሔው አንድ ነው፤ ስሟን መጻፍ።

ስለዚህ ጸሐፊዎቻችንና ገንዘብ ያዦቻችን እንዲህ ይጻፉ፦ የከፋይዋ ስም፣ ቀኑ፣ የብሩ መጠን፣ ከዚያ «ከፈለች»። ብድሩ ካላለቀ «ይህን ያህል ይቀራታል» የሚል ይጨመር። ደጋፊዎቻችንም በሪፖርታችን ውስጥ «ሥልጠና ተሰጠ» የሚል ስታገኙ «ማን ሰጠ? ለማን?» ብላችሁ ጠይቁን።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ተድበስብሶ የተጻፈ ግን ጠብ ያወርሳል። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን መዝገቡን የሚቆጣጠሩት በጆሯቸው ነው። ሲነበብላቸው የገዛ ስማቸውንና ያለቀውን ግስ ከሰሙ፣ ገንዘባቸው የት እንደደረሰ ያውቃሉ።