የዋልያው ተራራ አደራ
(ለካህናትና ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ ልንመክርበት የተሰበሰብንበት ጉዳይ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ይህ የመንግሥትና የጎብኚ ጉዳይ እንጂ የቤተ ክርስቲያን አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። እኛ ግን እንዲያ አናየውም። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ማኅሌታዊው ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ የመጨረሻ ዘመኑን በጸሎት የፈጸመው በዚሁ በስሜን ምድር ነው። ዳዊትም ፈጣሪውን ስለ ሥራው ባመሰገነ ጊዜ የተራራውን ፍየልና በዓለት የሚሸሸገውን ሽኮኮ ከምስጋናው አላጎደላቸውም። ለአዳም ከተሰጡት አደራዎች ቀዳሚው ምድርን መጠበቅ መሆኑንም ሁላችን በየዐውደ ምሕረቱ እናስተምራለን።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት በመጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቅርሶች መካከል ሁለቱ የአገራችን ነበሩ፤ አንዱ የቅዱስ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ ሁለተኛው የስሜን ተራሮች። አንዱን የሰው እጅ በእግዚአብሔር ርዳታ አነጸው፤ ሌላውን ያለ ሰው እጅ ፈጣሪ ራሱ አቆመው። ይሁን እንጂ ሁለተኛው በእርሻና በግጦሽ መስፋፋት፣ በዱር እንስሳቱም መመናመን ምክንያት በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ20 ዓመት ድካም በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው።

ከፍታው እስከ ራስ ደጀን ድረስ ከ4,500 ሜትር በላይ በሚደርሰው በዚህ ሰንሰለት ላይ የሚኖረው ፍጥረት እንደየደረጃው ይለያያል። ከታች ኮሶና ወይራ፣ ከዚያ በላይ የአስታ ደን፣ ከሁሉም በላይ ጓሳና ጅብራ። ይህ ዕፅዋት ጉሙንና ዝናቡን ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ምንጩ ይለቃል፤ ወደ ተከዜ የሚወርዱት ጅረቶችም ከዚሁ ይነሣሉ። ስለዚህ ላይኛው ተራራ ሲራቆት ታችኛው ገበሬ ይጠማል፤ አፈሩንም ጎርፍ ይወስድበታል።

ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለውም። እዚህ ከጠፋ ከሌላ ስፍራ አምጥተን የምንተካው አይሆንም። ጥበቃው በጦርነቱ ዘመን ከተስተጓጎለ ወዲህ ቁጥሩ እጅግ ማነሱን ሁላችን በኀዘን ሰምተናል። ጭላዳ ሣር እየጋጠ ይኖራል፤ በሌሊትም በገደል ተጠግቶ ያድራል። ስለዚህ ጓሳው በከብት ከተጋጠ ምግቡ ተወሰደ ማለት ነው።

ቀይ ቀበሮንም እንመልከት። በመላው አገራችን ያሉት ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል፤ ከግማሽ የሚበልጡትም በባሌ ተራሮች ናቸው። በስሜን ያሉት ጥቂት ናቸው። ከጥይት ይልቅ የሚፈጃቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቀበሮዎቹ በመንጋ ስለሚኖሩ አንዱ ሲያዝ ብዙዎች ያልቃሉ። ይኸው በሽታ ሕፃናቶቻችንንም ይገድላልና ውሻን ማስከተብ ሰውንም አውሬውንም ማዳን ነው።

ነገር ግን፣ አባቶቻችን፣ ስለ አራዊቱ ስንናገር በተራራው የሚኖረውን ሰው ልንረሳ አይገባንም። የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ በ2008 ዓ.ም. ከአያት ቅድመ አያቶቻቸው ቀዬ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ገብስ ዘርቶና በግ አርብቶ የኖረ ሰው በከተማ ዳር ሥራ ፍለጋ መቆሙ ቀላል ሸክም አይደለም። የዓለም ሀብት ተብሎ የሚጠበቀውን ተራራ ዋጋ ድኻው ብቻውን እንዲከፍል መተው ፍትሕ አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ለዋልያው ስትናገር ለእነዚህም ወገኖች ካልተናገረች ቃሏ በተራራው ሕዝብ ዘንድ አይሰማም።

ጥበቃና ኑሮ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ግን የመንዝ አባቶች አሳይተዋል። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ለብዙ ዘመናት በቄሮ ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል። ሕዝቡ አለቃ መርጦ ይሾም ነበር፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ደግሞ ለቤት ክዳንና ለገመድ በሥርዓት ይታጨዳል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢላላም ማኅበረሰቡ ደንቡን አድሶ ዛሬም ይጠብቀዋል። ሕግ አውጪውም ተጠቃሚውም አንድ ሕዝብ ስለሆነ ደንቡ ይከበራል።

እንግዲህ ከየሰበካችሁ የምንጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ የውሻ ክትባት የሚሰጥበት ቀን ሲቆረጥ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ይነገር፤ ካህናትም የራሳቸውን ውሻ ቀድመው ያስከትቡ።

ሁለተኛ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሥራና ለአጥር፣ ለማኅበርና ለተዝካር ድግስም ከፓርኩ አስታ አይቆረጥ። የደብሩ ከብት ካለም ወደ ተከለለው ስፍራ አይግባ። ሕዝቡ የሚሰማው የምንናገረውን ሳይሆን የምናደርገውን ነው።

ሦስተኛ፣ በየደብሩ ቅጽር የአገር በቀል ችግኝ ጣቢያ ይኑር፤ ኮሶ፣ ወይራና ጽድ ይፍላበት። ከቅጽሩ ውጭ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ምእመናን በየማሳቸው ዳር እንዲተክሉ ይበረታቱ።

አራተኛ፣ በበጋ ወራት እሳት ለሚነሣበት ጊዜ እንዘጋጅ። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ከእስራኤል እስኪደርሱ ቅጠል ይዞ ከነበልባሉ ጋር የታገለው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ደወል ሕዝቡን ፈጥኖ ይሰበስባል፤ ማን ደውሎ ማን እንደሚወጣ አስቀድሞ ይወሰን።

አምስተኛ፣ ሰበካ ጉባኤያት ከቀዬአቸው የተነሡትን ወገኖች በስም መዝግበው፣ የጎደለባቸውን ጠይቀው፣ ለሚመለከተው አካል ያሰሙላቸው።

ይህ ሁሉ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መስማማትንና መጽናትን ነው። አያቶቻችን የቤተ ክርስቲያንን ደን ያለ ዘበኛ ጠብቀው ያቆዩልን የእግዚአብሔር ነው ብለው ስላመኑ ነው። ከቅጽሩ ውጭ ያለው ተራራም የእርሱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።