ዶቅዶቄ፣ የመሸ መንገድና የዱር አራዊት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 ርእሳችን ለእድር ስብሰባ እንግዳ ይመስል ይሆናል። የምንናገረው ስለ ዶቅዶቄና ስለ አጋዘን፣ ስለ ከርከሮና ስለ ጅብ ነው። ነገር ግን ድንኳን የምንተክለውም፣ ሣጥን የምንሸከመውም እኛው ነንና ጉዳዩ ከማንም ይልቅ እኛን ይመለከተናል።

እንደሚታወቀው፣ ሰው በመንገድ ላይ ከአውሬ ጋር ተጋጭቶ ሲሞት በለቅሶ ቤት የሚባለው ነገር አንድ ነው። «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው፤ አጋዘን ገባበት» ይባላል። ዘንድሮም አንድ ወጣት ስንቀብር ይህንኑ ሰምተናል። የፈጣሪን ፈቃድ የሚክድ ከመካከላችን የለም። ሆኖም ቀኑ ለማንም ባይታወቅ ሰዓቱ ይታወቃል፤ ፍጥነቱም ይታወቃል። በሚታወቀው ነገር ላይ ደግሞ መመካከር ይቻላል። ዛሬ ለማስገንዘብ የምንወደው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና መተሃራን ካለፈ በኋላ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ሰንጥቆ ይሄዳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ የጸና ሲሆን ስፋቱ ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከመንገዱ በስተደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳና የአዋሽ ወንዝ ይገኛሉ፤ በስተሰሜን በኩል የፈንታሌ ተራራ አለ። ሳላውም፣ አምባራይሌውም፣ አጋዘኑም፣ ከርከሮውም አስፋልቱን እንደ ድንበር አይቆጥሩትም። ግጦሽና ውኃ ፍለጋ ከወዲህ ወዲያ ይሻገራሉ። ታዲያ «አውሬው መንገድ ገባ» እንላለን እንጂ መንገዱ ነው እኮ አውሬው ቤት የገባው።

በባሌም እንዲሁ ነው። ወደ ሮቤና ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ ዲንሾ አጠገብ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ያቋርጣል። እዚያም ከአገራችን በቀር በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን በመንገዱ ግራና ቀኝ ሲግጥ ይታያል። ጅብ ደግሞ ፓርክ አያስፈልገውም፤ በየከተማው ዳር አለ።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። አጋዘንና አምባራይሌ በቀን ሙቀት ቁጥቋጦ ተጠግተው ይውላሉ፤ ይበልጡን የሚንቀሳቀሱት ሊመሽ ሲልና ሊነጋ ሲል ነው። ጅብ የሌሊት ነው። ከርከሮ የቀን አውሬ ሲሆን ሲመሽ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ግልገሎቿን ያስከተለች እናት በሰልፍ ነው የምትሮጠው። ስለዚህ አንዱ ካለፈ ሌላው ይከተላል ብሎ መጠበቅ ይገባል። በአገራችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ብዙም ሳይቆይ ድቅድቅ ጨለማ ላይ ይገኛል። የእኛ ልጆች ወደ ቤት የሚጣደፉበትና አጋዘኑ ከቁጥቋጦ የሚወጣበት ሰዓት አንድ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ፍጥነቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የትንሽ ዶቅዶቄ አጭር መብራት በጨለማ አንድ ግራጫ እንስሳ በግልጽ የሚያሳየው ቢበዛ 50 ሜትር ያህል ላይ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተረኛ በየሰከንዱ 22 ሜትር ያልፋል። አውሬውን አይቶ፣ ደንግጦ፣ እጁ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጃል እንበል፤ 33 ሜትሩ አለቀ። የቀረው 17 ሜትር ነው። አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደኅና ቢሆን እንኳ አጋዘኑን የሚመታው ገና በሰዓት ወደ 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ኖሮ ግን በ30 ሜትር ውስጥ ቆሞ፣ አጋዘኑ እስኪያልፍ ይጠብቅ ነበር። በዚያ ላይ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ!

ወንድ አጋዘን ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጅብ እንኳ ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህ የአንድ ሰው ክብደት ነው። የመኪና ሰው ከፊቱ ብረት፣ ከደረቱ ላይ ቀበቶ አለው። ባለ ዶቅዶቄ ከፊቱ ያለው የገዛ ደረቱና ጭንቅላቱ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ወጣቶች ሆይ፣ የምንላችሁን በጥሞና ስሙን። ከሁሉ የሚሻለው በነዚህ መንገዶች ላይ ከ12 ሰዓት በፊት መግባት ነው። የግድ ሲሆን መብራታችሁ በሚያሳያችሁ ርቀት ውስጥ ለመቆም በምትችሉበት ፍጥነት ሂዱ። ከፊት መኪና ከሌለ ረጅሙን መብራት አብሩ፤ በመንገድ ዳር የሚያብረቀርቅ ዓይን ካያችሁ ወዲያው ፍጥነት ቀንሱ። አውሬው ድንገት ከገባ ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ በሁለቱም ፍሬን ያዙ። መሪ ጠምዝዞ ማምለጥ የሚያምር ይመስላል፤ ነገር ግን ያዘነበለ ሞተር ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፤ ወይም ከፊት ከሚመጣው ተሳቢ ሥር ይጥላል። በፊቱ ቀድሜ አልፋለሁ ብሎ መሽቀዳደምም ከንቱ ነው።

ሄልሜት መያዣው ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ለጌጥ ካልሆነ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ ሄልሜት የሞተረኞችን ሞት በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ ይቀንሳል። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ጭንቅላትም ጭንቅላት ነው፤ ለእርሱም አንድ ይገዛ።

አደጋ ከደረሰ የወደቀውን ሰው እየጎተቱ ማንሳት አንገቱን ሊጎዳው ይችላል። የሚመጡትን መኪናዎች አስቁሙ፤ የሚፈሰውን ደም በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ያዙ፤ በ907 ደውላችሁ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ጥሩ። የቆሰለ አውሬ ስለሚዋጋ አትጠጉት። የሞተ አውሬ አስፋልት ላይ ከቀረ ደግሞ ሌሊት ጅብና ቀበሮ ይጠራል፤ ሁለተኛ አደጋ ይሆናል። ስለዚህ ለፖሊስ ወይም ለፓርኩ ጠባቂዎች ይነገር።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። በአገራችን ባህል መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ሽማግሌ ይዞ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚረዳው። መልካም ባህል ነው፤ ማንም አይጣለው። ነገር ግን ንጋት ላይ ለመድረስ ሲባል አንድ ልጅ በዶቅዶቄ ሌሊቱን ይገሠግሣል። ያ ሰዓት ጅቡ የሚመለስበት፣ አጋዘኑ የሚወጣበት ሰዓት ነው። የአንዱን መርዶ ሊያደርስ የወጣ ልጅ የራሱ መርዶ እንዳይመለስ እንፈራለን።

ቢመለስስ? እድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል። በአራተኛው ቀን የልጆቹ እንጀራ ከየት ይመጣል? የሦስተኛ ወገን መድን፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ የተሠራው ለሌላው ሰው እንጂ ለነጂው አይደለም። አጋዘንም ተከሶ ካሣ አይከፍልም።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ሩቅ አገር መርዶ ሲኖር ለዚያው አካባቢ እድር በስልክ ይነገርና የዚያ ሰፈር ሽማግሌዎች በእግራቸው ሄደው ንጋት ላይ ያርዱ። እንዲህ ሲሆን ባህሉም ይጠበቃል፣ ልጁም በቤቱ ያድራል። ሁለተኛ፣ መልእክተኛ መላክ የግድ ከሆነ በቀን ይሂድ፤ እዚያው ይደር፤ ማደሪያውን እድሩ ይክፈል። ሦስተኛ፣ ከእድሩ ገንዘብ ሁለት ሄልሜት ተገዝቶ ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር በዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ ለእድር ጉዳይ በዶቅዶቄ የሚወጣ ሁሉ ፈርሞ ይውሰድ፣ ሲመለስ ያስረክብ።

የሁለት ሄልሜት ዋጋ ብዙ ነው የሚል ካለ ከአንድ ቀብር ወጪ ጋር ያስተያየው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ሐሳቡ ዛሬውኑ ድምፅ እንዲሰጥበት በአክብሮት እንጠይቃለን።

 የመጪው ዓመት መዝገባችን ከልጆቻችን ስም የጸዳ ይሁን።