ወንድማችንን በስንት ሸጥነው?



ዮሴፍን የሸጡት ጠላቶቹ አይደሉም፤ ወንድሞቹ ናቸው! በሃያ ብር ሸጡት። ከዚያ በፊት ግን ተቀምጠው እንጀራ በሉ (ዘፍ. 37፥25-28)። እሱ ጉድጓድ ውስጥ፣ እነሱ ማዕድ ላይ! ይህን ልብ በሉልኝ።

በአገራችንም ሰው ይሸጥ ነበር። በኢሉባቦር የተወለደ አንድ ሕፃን ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1870 እዚያ ነጻ ወጣ፤ ከሚሲዮናውያን ወንጌልን ሰምቶ ተጠመቀ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ማለት ይህ ሰው ነው! በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታትሞ ወጣ። ራሷም ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ አብራው ደክማለች። ሰው ዋጋ የቆረጠላቸውን እግዚአብሔር ለሕዝብ በረከት አደረጋቸው።

በ1942 ባርነት በአገራችን በአዋጅ ተሻረ። ታዲያ አለቀ? ዛሬ ሰንሰለቱ ባይታይም ደላላው አለ። ቤይሩት የደረሰች ስንቷ እህታችን ናት ፓስፖርቷን የተቀማችው! በከፋላ አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነውና፣ ግፉ መሯት ጥላ ብትወጣ ሕገ ወጥ ትባላለች።

ዓረብ አገርን ብቻ ግን አንውቀስ። «ትማራለች» ተብላ ከገጠር የመጣችው ልጅ በእኛው ቤት አለች እኮ! ከሁሉ በፊት ትነሣለች፣ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። ደመወዟን ማን ይቀበላል? ትምህርቱስ የት ደረሰ? እሑድ እኛ ለአምልኮ ስንወጣ በሩን የሚቆልፍባት ማን ነው? እውነቱን ልናገር፤ ይህን መልእክት ሳዘጋጅ ሻይ ያቀረበችልኝን ልጅ የአባቷን ስም አላውቅም ነበር። አፈርሁ።

ጳውሎስ የጥንቱን ኦኔሲሞስ ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲልከው፣ እንደ ወንድም ተቀበለው፣ ዕዳም ካለበት እኔ እከፍላለሁ ብሎ ጻፈለት (ፊልሞና 16-19)። ክርስቶስም የእኛን ዕዳ በመስቀል ላይ ከፈለ። እንግዲህ በደሙ የተገዛ ሰው እንዴት ሌላውን ይገዛል?

ወገኔ ሆይ፣ «ጌታ ሆይ፣ ማረኝ» ብለህ ጸልይ። ከጉልበትህ ስትነሣ ግን ወደ ማድ ቤት ግባ። ያስቀረኸውን ደመወዝ ክፈል፣ ትምህርት ቤት አስመዝግባት፣ ከማዕድህ አስቀምጣት። ስሟንም ከነአባቷ ጠይቃት። አሜን።